ጥፋቱ የእጄ አልነበረም

እጅሽ ደካማ ነው አለኝ! እኔን! ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት የጤፍ ጆንያ ሳነሳና ሳስቀምጥ የኖርኩትን ያለምዘውድን! ይህን ያለኝ የጊታር አስተማሪዬ ይታያል ነው፤ እሱን ራሱን አንድ ጆንያ ቢያሸክሙት ወገቡ ቅንጥስ ይላል። ዋጥ አድርጌ ልምምዴን ቀጠልኩ። ጊታር መጫወት ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ነገር ነው። ለመጪው በዓል ዝግጅት ተማሪዎቹ አዳራሽ ወጥተን እንደምንጫወት ተነግሮናል፤ እስከዚያ አያያዙ ያልተስተካከለለት ግን ከዘፈን ተቀባዮቹ ጋር ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ ደግሞ ለማጨብጨብ አልተመዘገብኩም።

ያስቸገረኝ ግራ እጄ ነው። ገና ትንሽ እንደተጫወትኩ አንጓዬ ይቆለመምና ሕመሙ ክርኔ ድረስ ይዘልቃል። ጊታሩ ከጭኔ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ እንዳይወድቅ ብዬ አንገቱን እንደ አካፋ እጀታ ጭምቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። ታዲያ እንዲህ የጨመቀ እጅ እንዴት ብሎ ክር ይጫን? ቤት ገብቼ ክንዴን በሞቀ ውሃ ስነክር እናቴ የብርጓል «እሰይ! ይበልሽ!» ትለኛለች።

ይታያልማ መፍትሔ አመጣልኝ። «ያለም፣ ጣትሽም አጠር ይላል መሰለኝ። ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ለምን አትዘፍኚም?» አለኝ። ደሜ ፈላ።

አንድ ቀን ሙላት የሚባል የባጃጅ ሹፌር አዲስ ተማሪ ሆኖ ገባና ከአጠገቤ ተቀመጠ። አሁንም ባጃጁ ላይ ያለ ይመስል እግሩን ገጥሞ ጎንበስ ብሏል። ይታያል ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ኧረ እንደሱ አይደለም! እግርህን ከፈት አድርግ። ግራ እግርህን ከፍ ያለ ነገር ላይ አሳርፍ፤ ጊታሩ ጭንህ መሃል ይግባ፣ ደረትህ ይደግፈው። እጅህ ምንም አይሸከምም።» ሙላት እንደተባለው አደረገ፤ ጊታሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ወይ ጉድ! «ይሄን ለኔ ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩበት።

ይታያል መሬት መሬት አየ። «እንዴት ብዬ ነው ሴት ልጅን እግርሽን ክፈቺ የምለው?» አለ።

አፍሮ እኮ ነው! እሱ ባፈረ የኔ ክንድ ሲቃጠል ከረመ፤ ይባስ ብሎ በጣቴ ያሳብባል! እኔም ብሆን «ሰብሰብ ብለሽ ተቀመጪ» እየተባልኩ ስላደግኩ ጉልበቴን መግጠሜን ልብ ብዬው አላውቅም። እዚያው ሰፊ ቀሚሴን አስተካክዬ፣ እግሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ጊታሩ እቅፌ ውስጥ ገብቶ እርፍ አለ። አንጓዬ ተቃና፤ አውራ ጣቴ ከአንገቱ ጀርባ ያለ ጭንቀት አረፈ። ሕመሙ የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ በንዴት አለቀስኩ።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። ገና እግሬን አስተካክዬ ጊታሩን ሳቅፍ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብድግ አለች፤ ሰው ሁሉ እያያት ወጣች። ፊቴ እሳት መሰለ። እልህ ያዘኝና እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ።

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ አመተ ሥላሴ ሌላ ሴት አስከትለው መጡ፤ ለቅሶ ሊደርሱ ይመስል! «አይ የብርጓል፣ ልጅሽ በአደባባይ እግሯን በርግዳ…» ሲሉ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ጥርሴን ነከስኩ።

እናቴ ድንገት ገነፈለች። «እግሯን ስታዪ ዋልሽ እንጂ ጨዋታዋንስ ሰማሽው?» አለቻቸው።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ከጓዳ ወጣሁና «አንቺስ እማዬ? አንቺስ ሰማሽው? ጥለሽኝ ወጣሽ እኮ!» አልኳት። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አልሰማሁም» አለች። «ጊታሩን አምጪው።»

ጊታሩን አምጥቼ እንግዶቹ ፊት እንደሚመቸኝ ሆኜ ተቀመጥኩና መጫወት ጀመርኩ። እናቴ ዓይኗን ከጣቶቼ ላይ አልነቀለችም።