አለቃ የማትሆን ሲስተር

ከባለቤቴ ከመኰንን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ማመልከቻ ነው። ዓርብ ቀን፣ ካርቱም፣ ባሕሪ ሰፈር በተከራየናት ክፍል፣ እኔ ሐብሐብ እየቆረጥኩ እሱ በዐረብኛ ይጽፍልኛል። እናገራለሁ እንጂ አልጽፍም። ዓባይን በድልድይ ተሻግሬ በምሠራበት ክሊኒክ የነርሶች አለቃ ቦታ ተለቆ ነበር።

«‹ጥቂት ልምድ› ብዬ ልጻፍ? ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው፣ ሴትዮ። ምጽዋት አይደለም የምትለምኚው» አለኝ።

በማግስቱ ጋራዥ ሥራው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ለምን ሄደች ትሉ ይሆናል። ጎንደር ሳለሁ የጤና ጣቢያው ኃላፊ «አንቺ ነገ ወልደሽ ትቀሪያለሽ» ብሎ ተራዬ የነበረውን ሥልጠና ለወንድ ሰጠብኝ። ዲፕሎማዬን ቀሚሴ ውስጥ ሰፍቼ ከመኰንን ጋር በመተማ ተሻገርኩ። ልጅም አልወለድኩ። ካርቱም ግን ሌላ ምክንያት አላጣችልኝም።

ከአርባው በኋላ ማመልከቻውን ለሙዲሩ፣ ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰጠሁት።

«ጽሕፈቱ ያምራል። ማን ጻፈው?»

«ባለቤቴ።»

«እሱ ይምጣና እንነጋገር።»

«ሞቷል፣ ያ ሙዲር። ለቀብሩ ፈቃድ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

«አላህ ይርሐሙ። ታዲያ አሁን ማን አለሽ? አለቃ በሌሊት ይጠራል። ባል የሌላት ሴት በሌሊት ድልድይ ስትሻገር ሰው ምን ይላል?»

«ዘጠኝ ዓመት የሌሊት ተራ ስገባ ምን አለ?»

«እሱማ ሥራ ነው» አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።

ቦታውን ከእኛው ነርሶች ለአንዱ፣ ለያሲር ሰጡት። ደም ሥር መፈለግ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ ለበሽተኛ ዶክተር ነው፤ ሴት ግን ፀጉሯ ቢሸብትም ሲስተር ናት። እኛም አገር እንደዚሁ ነው፤ ሱዳንን ለይቼ አላማም።

አንድ ቀን ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ እጇን ዘይት አቃጥሏት መጣች። ቁስሏን እያጠብኩ ሳለ ወደ ያሲር አየች።

«እትዬ፣ እባክዎ ዶክተሩን ይጥሩልኝ።»

«ዶክተር አይደለም፣ ነርስ ነው። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አለቃ አልሆኑም?»

ፋሻውን ጠቀለልኩላት።

አሁን እዚያው ክሊኒክ የሌሊት ተራ እሠራለሁ። በየሳምንቱ የትኛዋ ነርስ መቼ እንደምትገባ ለያሲር እነግረዋለሁ፤ እሱ ይጽፋል፣ ከግርጌውም «የነርሶች አለቃ» ብሎ ይፈርማል።