ነጭ ጋዝ ያፈሰስኩበት ውሻ

ባለፈው ሳምንት ቀለም ቀቢው ግቢያችን ውስጥ ቡሩሹን በነጭ ጋዝ ሲያጥብ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና አፌን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። አንቺ ምሳው ያልተስማማኝ መስሎሽ ውሃ አመጣሽልኝ። በዚያው ደግሞ ስልክሽን ዓይኔ ሥር ደቅነሽ፣ «ማሚ፣ ይቺን ቴሪየር እንግዛት፣ እያት ስታምር» አልሽኝ። ማማሩንማ ታምራለች። ፎቶ አይሸትም።

እኔም አንድ ነበረኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጀጎል ውስጥ። አባቴ አስተማሪ ነበር። ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ባልደረባው፣ ዘራቸው ቴሪየር ነው የተባሉ አራት ቡችሎች ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ምረጡ አለን። እኔ ነጯን፣ ባለ ትልልቅ ዓይኗን ፈለግሁ። አባቴ ግን አሮጌ ካልሲ ወረወረላቸውና ነክሶ አልለቅም ያለውን፣ ጸጉሩ የሻከረውን ጢማም አነሳ። «አይጥ የሚይዘው ይሄ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ያዘ። የያዘውንም እያመጣ ጫማዬ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር፤ የአንዳንዱ ግማሹ የለም።

እንክብካቤው የእኔ ሥራ ሆነ። ከሥጋ ቤት ሳንባ እያመጣሁ እቀቅልለት ነበር። ሳንባ ሲቀቀል አሽትተሽ ታውቂያለሽ? አረፋው ግራጫ ነው፤ ሽታውም ከዩኒፎርሜ አይለቅም ነበር። ጢሙን ካላበጠርኩለት ደግሞ የበላው ይደርቅበትና ይከረፋል። ማታ ማታ ጅብ በየጠባቡ መንገድ ስለሚያልፍ፣ እሱ ደግሞ ለጅብ አንድ ጉርሻ ስለማይሞላ፣ የሚተኛው ቤት ውስጥ እግሬ ሥር ነበር። እወደው ነበር፤ ግን በአንድ እጄ አፍንጫዬን ይዤ።

ከዚያ መዥገር መጣ። ጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መሃል፣ ደም ጠጥቶ የጉሎ ፍሬ ያህል ያበጠ። አንድ ቀን እናቴ አንሶላዬ ላይ አንዱን አገኘችና አራግፋ በጫማዋ ረገጠችው። ወለሉ ላይ የቀረውን ሳስብ ዛሬም ይቀፈኛል። «ነገ ስመለስ አንድ መዥገር ካየሁ ውጭ ነው የሚያድረው» አለች። ውጭ ማደር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ አባቴም እናቴም ከቤት ሲወጡ ነጭ ጋዙን አወጣሁ። ቅማል ሲበዛብኝ እናቴ ጸጉሬን የምታሸኝ በእሱ ስለነበር መድኃኒት ነው ብዬ አመንኩ። ከራሱ እስከ ጅራቱ አፈሰስኩበት። ከድጡ ወደ ማጡ! ጮኸ፣ ራሱን ላሰ፣ አስመለሰው፤ ከዚያ ከእጄ አምልጦ ጎረቤታችን ወደነበሩት ሐረሪ እናት ግቢ ሮጠ።

እማማ ነበር የምላቸው። ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ገና መነሳታቸው ነበር። ስደርስ ውሻው ደጃፋቸው ላይ ወድቆ አረፋ ይደፍቃል፤ የሆዱ ቆዳ ቀልቷል።

«አቦ! ምን ቀባሽው?»

«ጋዝ።»

«ሱብሃነላህ! ያዢው፣ ውሃ ላምጣ።»

እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ትውከቱ፣ አረፋው፣ የጋዙ ክርፋት፣ ጆሮው ላይ አሁንም የሚርመሰመሱት መዥገሮች። «እማማ፣ አልችልም፣ ቀፈፈኝ» አልኩ።

«ነጃሳ፣ ርኩስ የሚሆነውኮ ለኔ ነው» አሉ። «ላንቺማ ልጅሽ ነው።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ውሻውን ጉልበታቸው መሃል አስገብተው በልብስ ሳሙና እያሹ፣ አፉን በጣታቸው እየጠረጉ፣ ደጋግመው አጠቡት። እኔ ውሃ አቀብል ነበር፤ ያውም ራቅ ብዬ። የዚያን ቀን ራሴን የተጸየፍኩትን ያህል አይጡንም መዥገሩንም ተጸይፌ አላውቅም።

ትንፋሹ ሲረጋጋ በአሮጌ ሽርጥ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «አፍስሺልኝ» አሉኝ። በሃይማኖታቸው የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። ከግቢው አፈር ዘግነው አሹ፤ የቀረውን በውሃ፣ እየቆጠሩ፣ ምንም ሳይማረሩ።

ሲጨርሱ ወደ ውሻዬ ሄጄ ጎንበስ አልኩና ጠራሁት። አሁን እጄ ደፍሮ ነበር። እሱ ግን ከሽርጡ ወጥቶ፣ እየተንገዳገደ፣ አልፎኝ ሄደና እርጥብ ፊቱን እማማ ቀሚስ ውስጥ ቀበረ። ደንግጬ ልጎትተው ስል በክርናቸው ከለከሉኝ።

«ተዪው» አሉ። «ቀሚሱንም አጥበዋለሁ።»