አለበል ዋሽንት ሲገዛ

አባቴ አለበል ቅቤ ሲገዛ እስከ ታች ስንጥር ሳያስገባበት፣ እንቁላል ሲገዛ ጆሮው ላይ ሳይነቀንቅ ገንዘብ አያወጣም ነበር። ይህስ የገበያ ወግ ነው ይባል። እሱ ግን ለንስሐ አባቱ ለቄስ ወልደ ሩፋኤል ኃጢአቱን ሲናገር እንኳ ግማሹን ያስቀር ነበር። «እሳቸውስ ሰው አይደሉም እንዴ? ቢያመልጣቸውስ?» ይላል። እናቴ ደብሪቱ «ይኸ ሰው ሲሞት ከቃሬዛው ላይ ሆኖ ቀባሪውን ሳይመረምር አይቀርም» እያለች ትስቅበታለች። እኔን ግን አያስቀኝም። ጎረቤት ሽሮ ቢያውሰን ለምን እንዳዋሰን ስንመረምር ያመሸንበትን ጊዜ አውቀዋለሁና።

ጣልያን ሲገባ ይኸው አመሉ ብልኅነት ተባለለት። ባንዳው ከአርበኛው በማይለይበት፣ አንዲት ቃል ሰው በምታሰቅልበት ዘመን፣ አገሩ ሁሉ እንደ አባቴ ሆነ። የአባቴ ታላቅ ወንድም እንዳላማው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጮቄ ተራራ ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ሞቷል የሚል አለ፤ ቆስሎ ቆላ ወርዷል የሚልም አለ። አባቴ ማንንም አያምን፣ ማንንም አይጠይቅ። የጠየቀ ሁሉ የሽፍታ ዘመድ እየተባለ ይያዝ ነበር። ቤት ሲገባ ግን እናቴን «አያ እንዳላማው ያለ ይመስልሻል?» ሳይላት አይተኛም። ከልጅነቱ ያሳደገው እንዳላማው ነበር፤ ይወደው ነበር።

አባቴና እናቴ ከእርሻው ሌላ በሰርግ ይተዳደሩ ነበር፤ እሱ ዋሽንት ይነፋል፣ እሷ ትዘፍናለች። የእናቴ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከሴቶቹ ሁሉ ዝቅ ይላል። በየገበያው የሚሸጠው አጭሩ ዋሽንት ቀጭን ስለሚጮህ እሷን ሽቅብ ይጎትታትና ጉሮሮዋ ይሰነጠቃል። ለእሷ የሚስማማው ረጅሙ፣ ድምፀ ወፍራሙ ነው። ያንን ደግሞ የሚቆርጥ ሰው ጥቂት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ስለሚራራቁ የብዙ ሰው ጣት አይደርስበትም። የአባቴን ረጅም ዋሽንት ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ አንድ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ወረቀት የተደበቀበት መስሎት በአንድ ዓይኑ አጮልቆ አየና በጉልበቱ ሰበረው። የሰርጉ ወር ጥር እየደረሰ ነበርና አባቴ ሌላ ፍለጋ ይጁቤ ገበያ ሄደ።

ሸምበቆ ሻጮቹ ዘንድ ያለው ሁሉ አጭር ነው። አንዷ ሻጭ ግን «ጨው ነጋዴው አብዱልቃኒ ዘንድ አንድ ረጅም አይቻለሁ» አለችው። ጨው ነጋዴ ዋሽንት ምን ያደርግለታል? አባቴ ነገሩ ከዚያው ጀምሮ አልጣመውም። ቢሆንም ሄደ።

አብዱልቃኒ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ከኋላ የጨው ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሮባታል። ዋሽንቱን አወጡና ዋጋውን ነገሩት። የአንድ ጫጩት ዋጋ ነው።

አባቴ አገላብጦ አየው። ሸምበቆው ገና አረንጓዴነቱ አልለቀቀውም፤ በጋለ ብረት የተበሱት ቀዳዳዎችም ጭስ ጭስ ይሸታሉ።

«እርጥብ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለ።

«እሱ አይደል ያረከሰው» አሉ አብዱልቃኒ።

መልሱ ቶሎ መምጣቱ አባቴን ደስ አላሰኘውም። ከንፈሩ ላይ አድርጎ ነፋው። የእናቴ ድምፅ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ፤ ከተሰበረውም ይሻላል። ጣቶቹን ሲያሳርፍ ግን መንፋቱን አቆመ። የመጨረሻው ቀዳዳ ከሌሎቹ ከልክ በላይ ርቆ፣ ወደ ጎን ወጣ ብሎ ነው የተበሳው። የማንም ጣት አይደርስበትም፤ የእሱ የቀለበት ጣት ግን ሳይሳብ ተቀመጠበት። ዋሽንት የሚቆረጠው በሰው ጣት እየተለካ ነው። እንዲህ ያለ ረጅምና ጎባጣ የቀለበት ጣት ደግሞ ከአባታቸው የወረሱት እሱና እንዳላማው ብቻ ናቸው።

ሸምበቆው እርጥብ ከሆነ እንዳላማው በቅርቡ ነው የቆረጠው። አለ ማለት ነው! አባቴ እልል ሊል ቃጣው። ወዲያው ግን ጥርጣሬው ያዘው። ጣልያኖች ወንድሙን ይዘውት፣ ዋሽንቱን ወጥመድ አድርገውት ከሆነስ? የማይገጥመው ይሄዳል፤ የገጠመው ይያዛል። ቀና ሲል አብዱልቃኒ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ጣቱን ነው።

«እንዴት ልክክ አለልህ! ሰው ሁሉ ሞክሮ ያቃተው ነው» አሉ።

«ሥራዬ ነው።»

«ወንድም አለህ፣ ልጄ?»

«የለኝም።»

«ታላቅ ወንድምም የለህ?»

«አንድ ለናቴ ነኝ!» አለ አባቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ውጭ ጆሮውን የጣለ ካለ ይስማ ብሎ ነው።

አብዱልቃኒ መጠቅለያ ጨርቅ ላምጣ ብለው ከጆንያው ኋላ ገቡ። ለአንድ ብጣሽ ጨርቅ ብዙ ቆዩ። አባቴ በሩን በሩን ያይ ነበር። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል፤ ዋሽንቱን ጠቅልለው ሰጡት፣ ገንዘቡንም ሳያዩ ተቀበሉ። እሱም ዋሽንቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። የሚከተለው ሰው እንዳለ ለማየት ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ቤቱ የደረሰው።

እናቴ ዋሽንቱን በጣቷ ስትለካው የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው ገባት።

«የት አገኘሁት አሉህ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ለእንቁላል ገበያ የሚያስፈታ ሰውዬ፣ ለወንድምህ ምላስህ ታሰረ?»

እስከ ዛሬ ስታነሳው ያንገበግባታል። በሚቀጥለው ገበያ በሱቁ ደጃፍ ደጋግሞ አለፈ፤ መግባት ግን አልቻለም። ዋሽንቱን ቅቤ እያጠጣ ሳይሰነጠቅ አደረቀው፤ እናቴ በዚያ ጥር የዘፈነችውን ያህል ዘፍና አታውቅም ይባላል።

እንዳላማው ጣልያን ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀረው ውጊያ ላይ ወደቀ። የቀበሩት ጓዶቹ ከተራራው ወርደው መርዶውን ነገሩ። አብዱልቃኒ የሟቹን ቤተሰብ ከእነሱ ጠይቀው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አባቴን ሲያዩት ወዲያው አወቁት፤ ከዚያ ሁሉንም ነገሩት። እንዳላማው የወንድሙ ዋሽንት መሰበሩን ሰምቶ በገዛ ጣቱ ለክቶ ቆረጠለት። ቤታችን በሰላይ ስለሚጠበቅ መምጣት አልቻለም። ጣቱ የገጠመለት ሰው ወንድም አለኝ ካለ ሊያገናኟቸው ተስማምተው፣ ያን ቀን እንዳላማው ከጨው ጆንያው ኋላ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

«ሰማኝ?» አለ አባቴ።

«ሰማህ።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹መጠንቀቁ ደግ አደረገ› ብሎ እየሳቀ ሄደ።»

እናቴ እፎይ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይቺን ቃል ይዞ ዕድሜውን ይጽናናባት ነበር። አባቴ ግን ትክ ብሎ አያቸው።

«እየሳቀ ከሆነ ለምን ብቅ አላለም? ከእርስዎና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።»

«እንግዲህ…»

«ይማሉልኝ።»

እናቴ ክንዱን ቆነጠጠችው። አልሰማትም። «ይማሉልኝ» አለ ደግሞ።

አብዱልቃኒ በሐሰት የሚምሉ ሰው አልነበሩም።

«አልሳቀም» አሉ በመጨረሻ። «ጨርቅ ብዬ የገባሁት ልጠራው ነበር። እጄን ያዘኝ። ‹ፈርቶ ነው እንጂ› አልኩት፤ ‹አውቃለሁ፣ ተዉት ይሂድ› አለ። ስትወጣ ኮቴህን አዳመጠ። ከዚያ እስኪሄድ ድረስ ያቀረብኩለትን ቆሎ አልቀመሰም፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።»

አባቴ እንደ ሴት ራሱን ይዞ አለቀሰ፤ ለመርዶው እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።

«ምነው» አለ፣ «ምነው ባልጠየቅሁዎት።»