ሳይመሽ የማይፈረድበት ዑድ

የዑድ ሽታ ሲመጣብኝ ብቻውን አይመጣም፤ የአዲስ አቡጀዲና የላምባ ሽታ አብሮት ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ የነበረው ቤታችን ከፊት ለፊቱ የአባቴ ሱቅ፣ ከኋላው መኖሪያችን ስለነበር፣ ከመጋረጃው ወዲያ ጨርቅና ላምባ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የእናቴ ሽቶ ይሸት ነበር፤ እኔም ሱቁ የት አልቆ ቤቱ የት እንደሚጀምር ዓይኔን ጨፍኜ አውቅ ነበር።

እናቴ ዘይነባ የሽቶ ዳኛ ነበረች። ማንም አልሾማትም፤ ነገር ግን ልጁን የሚድር ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሽቶ ሲገዛ ጠርሙሱን ይዞ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። ከሽቶ ሁሉ የምታከብረው ዑድን ነው፤ ከሩቅ አገር ዛፍ ልብ የሚወጣ ጠቆር ያለ ቅባት ሲሆን፣ ከውድነቱ የተነሣ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ጠርሙስ ይሸጥ ነበር። ጧት ከሰገደች በኋላ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ አንሥታ ግራ እጇ አንጓ ላይ ታሳርፍና፣ እሳቱን እያነደደች፣ ወጡን እያማሰለች፣ ቤቱን እየጠረገች ትውል ነበር፤ ለስግደት በታጠበች ቁጥር ውሃው ያልፍበታል፣ ጭሱና ላቡም ይፈትነዋል። ሽቶዋ የቤቷ ነበር፣ ተቀብታ ከደጅ አትወጣም። ፀሐይ ገብታ ፋኖሱ ሲበራ አንጓዋን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና ፍርዷን ትሰጥ ነበር። «የደጅ ነው» ካለች በር ላይ ሰላም ብሎ የሚሄድ ማለት ነው፤ «የምሳ እንግዳ ነው» ካለች በልቶ የሚነሣ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ ግን «ያድራል» የሚለው ነበር። እሱን ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ የገዛ አባቷ ከመካ ይዞላት ለመጣው የሠርጓ ዑድ ነው፤ እኔ ሳልወለድ አልቆ፣ ባዶ ጠርሙሱ ልብስ ሣጥኗ ውስጥ ይኖር ነበር። ከመምሸቱ በፊት የጠየቃት ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሚያገኘው መልስ «አልመሸም» ብቻ ነው።

አባቴ ሰኢድ ያቺን «ያድራል» የምትል ቃል በራሱ ጠርሙስ ለመስማት ዕድሜውን ሙሉ ለፋ። ጥቅምት ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ ዕቃ ሊያመጣ አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይሄድና፣ ከጣቃው፣ ከሻሹና ከክሩ ሌላ ሰደርያው ኪስ ውስጥ አንዲት ጠርሙስ ሸሽጎ ይመለስ ነበር። በማግሥቱ ሱቅ መቀመጥ አይሆንለትም፤ የጨርቅ መለኪያ ሜትሩ እንደ ጠፋበት ሰው እየሆነ መጋረጃውን ገለጥ ያደርግና «ዘይኑ፣ እንዴት ነው?» ይላታል።

«አልመሸም» ትለዋለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ማታ «የምሳ እንግዳ ነው» ስትለው ጭኑን መትቶ ይስቅ ነበር፤ እራት ላይ ግን ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። እኔም የአባቴ ልጅ ነበርኩና እህል አልበላ ይለኝ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ውድነሽ፣ የመሪጌታው ባለቤት፣ አንድ ማታ እንዲህ ሆኖ ስታየው አላስቻላትምና፣ «ኧረ ዘይነባ፣ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብታሰኚው ምን ትሆኛለሽ?» አለቻት። እናቴ ሳትቆጣ፣ «ደስ እንዲለው ብዬ ከዋሸሁት፣ እውነት ያመጣ ቀን በምን ያምነኛል?» ብላ መለሰችላት።

በዚያው ዓመት አባቴ ሚያዝያ ላይ ሁለተኛ ጉዞ ሄደ፤ ሲሄድ አውቶቡሱ አባይ በረሃ ውስጥ ተበላሽቶባቸው እዚያው አድረው ኖሮ፣ ግንቦት ላይ ሲመለስ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ገባ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር እየመጣ ኪኒን ሰጠው፤ አንድ ቀን ተነሥቶ ይቀመጣል፣ አንድ ቀን ጋቢው ተደራርቦለት ይተኛል። በቀይ ሰም የታሸገች ጠርሙስ ግን ከእጁ አልተለየችም። «ከአረቡ ነጋዴ ለምኜ ነው ያገኘኋት፤ ይቺስ ሌላ ናት» ይል ነበር።

አንድ ቀን ጧት ትኩሳቱ በረድ አለለትና መስኮቱ ሥር መደቡ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። «ዘይኑ፣ ይቺን ዛሬ ተቀቢልኝ» አላት። እናቴ ሰሙን በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቃ እንደ ወጓ ተቀባች፤ ሽታው ቤቱን ሲሞላው አባቴ ገና ምንም ሳይባል ፊቱ በራ። ረፋዱን በዓይኑ ሲከተላት ቆየ፤ እኔም እግሩ ሥር ተቀምጬ አብሬው እከተላት ነበር።

የቀትሩን ሰግዳ ስትነሣ ጠየቃት። እናቴ አንጓዋን አሸተተች፤ ከወትሮው ይልቅ ቆይታ አሸተተችና አየችው። «አልመሸም» አለችው።

«እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለና ፈገግ አለ።

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ ጸናበት። ድምፁ አንሶ እንደገና ሲጠይቃት ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት፤ «እማዬ፣ ያድራል በዪው! በቃ በዪው!» አልኳት። እሷ ግንባሩን በሻሿ ጠረገችለትና፣ «ገና ነው፣ አልመሸም» አለችው። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ፀሐይዋ ገና ከፊት ለፊታችን ካለው ቆርቆሮ ላይ ሳትነሣ ትንፋሹ ቆመ።

በሃይማኖታችን ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ሽቶ አትነካም። እናቴም ጎረቤቱ ለጩኸቱ ሲሰበሰብ ወደ ጓሮ ወጥታ አንጓዋን በሳሙና ፈትጋ ፈትጋ አጠበች፤ ገና አልመሸም ነበር። ሬሳውን የሚገንዙት ወንዶች ለከፈኑ ሽቶ ሲጠይቁ ደግሞ ያን አዲሱን አልሰጠችም፤ ከቆየ ጠርሙስ የተረፈ ሰጥታ፣ አዲሱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እኔ ይህን ሁሉ አየሁ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እሷ በሐዘኗ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ እኔ አኩርፌ ሌላው ጥግ ተቀምጬ ከረምን። አንድ ቃል ምን ነበረበት? የሚሞት ሰው አንድ ቃል ቢለምን እንዴት ይነፈጋል?

አደይ አበባ ፈንድቶ የሐዘኗ ጊዜ ሲያበቃ ጠርሙሱን አወጣችው። ከዚያ ወዲህ በየዒዱ ጧት ከሱ ሌላ አትቀባም ነበር፤ ነገር ግን ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሁልጊዜ ተነሥታ በሳሙና ትታጠበዋለች። አድጌ፣ አግብቼ፣ ለበዓል ልጠይቃት በመጣሁ ጊዜ፣ ኩርፊያው ከልቤ አልወጣም ነበርና፣ «እማዬ፣ ለመሆኑ የአባባ ዑድ ያድራል?» አልኳት። ፋኖሱ በርቷል። እጇ ገና ከውሃው እርጥብ ነው።

«አልመሸም፣ ልጄ» አለችኝ።

እሷም በተራዋ ስትሞት ጠርሙሱ ለእኔ ደረሰኝ፤ ከሥሩ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አንድ ቀን ጧት በክብሪት እንጨት አንሥቼ እንደ እሷ አንጓዬ ላይ አሳረፍኩና ሥራዬን እየሠራሁ ዋልኩ። ጧት ቤቱን ሞላው፤ አባቴን ያየሁት መሰለኝና አለቀስኩ። ከምሳ በፊት ግን ሳሳ፤ የቀትሩን ልሰግድ ስታጠብ ጨርሶ ሄደ፣ የቀረው የምግብ ዘይት የሚመስል ነገር ነው። ዓመት አበላሽቶት ይሆናል እንዳልል፣ እውነተኛ ዑድ ሲቆይ ሽታው ይጠነክራል እንጂ አይከዳም። አረቡ አባቴን አታሎት ነበር። ያ የእናቴ አፍንጫ ደግሞ ይህን ሳያውቅ አልዋለም፤ በዚያ ቀትር ቆይታ ያሸተተች ጊዜ ሽቶው እጇ ላይ አልነበረም። መዋሸት አታውቅበትም፣ እውነቱን ልትነግረው ደግሞ አልቻለችም፤ ከሁለቱም የሚያድናት ቃል አንድ ብቻ ነበርና እሱኑ ደጋገመችለት። ለከፈኑ የከለከለችውም፣ መቃብር ድረስ እንኳ አብሮት የማይሄድ ሽቶ አላስቀባውም ብላ ነው።

አሁን ልጆቼ ከዱባይና ከጅዳ፣ በወርቅማ ካርቶን የተጠቀለለ ሽቶ ያመጡልኛል። ዓይን ዓይኔን እያዩ «እማዬ፣ እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ ክዳኑን ገና ሳልዘጋ «ያድራል» እላቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል፣ ወዲያው ሌላ ጨዋታ ያነሣሉ። ማታ አንጓዬን ሳሸተው ብዙ ጊዜ ምንም የለም። ቅር አይለኝም፤ እንደ እናቴ የሚጨክን አንጀት የለኝም። ግን የእኔን መልስ ከሰጠኋቸው በኋላ የሚጠብቁት ነገር የለም። አባቴ ያን ቀን ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ እስኪመሽ ይጠብቅ ነበር።