ጠበል ላይ የተነገረ እንግሊዝኛ

ደብረ ብርሃን በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳልፍ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮችን እየለዩ «ጥያቄ! ትእዛዝ!» ሲሉ ሰማሁ። ቆሜ አዳመጥሁ።

አንኮበር ሳለን ታላቅ ወንድሜ እንዲሁ ያስጠናኝ ነበር፤ እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ዓይነቱን እለያለሁ። ሳንባውን ታሞ በትኩሳት ሲቃዥም እነዚያኑ ዓረፍተ ነገሮች ይደጋግም ጀመር።

እናቴ፣ «ያደረበት ሰይጣን በፈረንጅ አፍ ለፈለፈ!» ብላ በማለዳው ውርጭ ጠበል አስወሰደችው።

አጥማቂው ቄስ ውሃውን እያወረዱበት፣ «ማን ነህ? ተናገር!» አሉ።

ወንድሜ እየተንቀጠቀጠ፣ «አይ አም ኮልድ» አለ።

«አባ፣ በረደኝ ነው የሚለው!» ብዬ ጮኽሁ።

«ዝም በል፣ አንተ! ሊወጣ ነው» ብለው ውሃውን ጨመሩበት።

በማግስቱ ቀበርነው። እናቴ ዛሬም፣ «ተመስገን፣ ሰይጣኑ ለቆት ነው የሞተው» እያለች ትጽናናለች። እኔ ምን ብዬ ልንገራት?