የሻናሃኖች ልጅ

ባየሽ ሴንት ፖል ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። ቤቷ ሪችፊልድ ነው። ብሬንዳን ሻናሃን የሚባለውን አናጢ ስታገባ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «አደራ፣ ባህልሽን እንዳትረሺ» ብሏት ነበር። የባሏ ባህል ምን እንደሆነ ግን የነገራት ሰው አልነበረም። ያወቀችው በተጋቡ በመጀመሪያው መጋቢት፣ በቅዱስ ፓትሪክ በዓል ነው።

የብሬንዳን ቅድመ አያቶች ከአየርላንድ የመጡ ናቸው። በዚያ ቀን ዘመድ ሁሉ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ፣ ወላጆቹ ጆ እና ሞሪን ቤት ተሰብስቦ ይበላል፣ ይዘፍናል፣ ሙታኑን በስም እየጠራ ያለቅሳል፤ ወዲያው ደግሞ ይስቃል። ባየሽ ወደደቻቸው። በዓሉ ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል አማቷ ሞሪን ድንቹንና ጥቅል ጎመኑን ያለ ቅቤ ለብቻ ቀቅላ ታስቀምጥላት ነበር። ልጇ ሶሊያና መራመድ እንደጀመረች ደግሞ አያቷ ጆ ኩሽና ወለል ላይ አቁሞ የአይሪሽ እግር ጭፈራ አስተማራት። ልጅቷም ያዘችው። ኋላ የጭፈራ ትምህርት ቤት ገባች፣ ተወዳደረች፣ ዋንጫ አመጣች።

ጆ ሲሞት የበዓሉ ዝግጅት ለብሬንዳን ወንድም ሚስት፣ ለዴብ ተላለፈ። ነገር የተበላሸው ያኔ ነው።

አምና ለበዓሉ ባየሽ የሥራ ሺፍት ቀይራ፣ በዋዜማው የሶሊያናን ጸጉር ለጭፈራው ስትጠቀልል አምሽታ፣ ጠዋት ሴንት ፖል መሐል ከተማ ደረሱ። እዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስሙ የተጻፈበትን ጨርቅ አስቀድሞ በሰልፍ ይሄዳል። ባየሽ ልጇን ከዘመዶቹ ጋር አውርዳ መኪናዋን ፓርክ ልታደርግ ሄደች። ስትመለስ የዴብ ልጆችና ሌሎቹ የአጎት ልጆች በጭፈራ ልብሳቸው ተደርድረዋል፤ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ያነሳቸዋል። ሶሊያና ጥግ ላይ ቆማለች። የሁሉንም ካፖርት ስለታቀፈች የራሷ አረንጓዴ ቀሚስ እንኳ አይታይም።

«ሶሊያና! ለምን አብረሽ አልቆምሽም?»

«ኢትስ ኦኬ፣ ማም።»

«ምኑ ነው ኦኬ?»

ልጅቷ ቀና ሳትል ነገረቻት። ዴብ ናት ያዥ ያለቻት። ፎቶው ለመጽሔት ነው፤ የሚያነበው ሰው ግራ እንዳይጋባ ነው።

የባየሽ ጆሮ ጋለ። ቀጥ ብላ ወደ ዴብ ሄደች።

«ግራ የሚጋባው ማን ነው?»

ዴብ ፈገግ አለች። «ባየሽዬ፣ በክፉ አትውሰጂው። መጽሔቱ የሚጽፈው ስለ አይሪሽ ውርስ ነው። ሶሊያና ደግሞ የራሷ የሆነ በጣም የሚያምር ባህል አላት።»

«ይኼስ የማን ነው? አባቷ ከማን ተወለደ? አንቺ ራስሽ ወገኖችሽ ከኖርዌይ ናቸው። ሻናሃን የሆንሽው በጋብቻ ነው፣ እንደኔው። ያንቺ ልጆች ሲቆሙ ማን ግራ ተጋባ?»

ብሬንዳን ስማቸው ያለበት ጨርቅ የታሰረበትን አንዱን እንጨት ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። ባየሽ ዞራ አየችው። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች።

«ባየሽ፣ ዛሬ ይለፍ» አላት ቀስ ብሎ። «በዓል ነው። ቤት እናወራለን።»

የዴብ ነገር እሾህ ነበር፤ የሱ ግን ልቧ ድረስ ዘለቀ። ካፖርቶቹን ከልጇ እቅፍ ጠቅልላ አነሳችና ደረቱ ላይ ከመረችበት። «እንካ! እንግዲያው አንተ ያዝ!» እንጨቱ ከእጁ አመለጠ፤ የሻናሃን ስም የቀለጠ በረዶ ውስጥ ወደቀ። ባየሽ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

መኪናው ውስጥ ሶሊያና አነባች። የተቆጣችው ግን በዴብ ብቻ አልነበረም።

«አይ ዋንትድ ቱ ዳንስ፣ ማም! ዓመቱን ሙሉ የተለማመድኩት ለዛሬ ነው። ለምን አወጣሽኝ?»

ባየሽ ልትጮህባት ነበር፤ ተወችው። ልጅቷ እውነቷን ነው። ለነሱ ብላ ለምን ትቅር? ሞተሩን አጠፋችና ተያይዘው ወረዱ። የሶሊያና የጭፈራ ትምህርት ቤት ሰልፉ ጭራ ላይ ነበር። አስተማሪዋ ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቦታ አስለቀቀችላት።

ሶሊያና እንዲህ ጨፍራ አታውቅም። ባየሽ በእግረኛ መንገዱ እየተከተለቻት ሄደች። መንገድ ዳር ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርባ የተቀመጠችው ሞሪን ሶሊያናን አየቻትና ተገረመች።

«ከኛ ጋር አይደለችም እንዴ?»

ባየሽ ሁሉንም ነገረቻት። ሞሪን እጇን ያዘቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጆ ቢኖር...» አለች። ጆ የለም፤ አንቺ ግን አለሽ ልትላት ፈለገች ባየሽ። ለዕድሜዋ ስትል ዋጠችው።

ብሬንዳን ቤት የገባው አመሻሽ ላይ ነው። እናቱ ቤት፣ ምሳ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት ለዴብ ጥፋቷን ነግሯታል፤ ወንድሙም አኩርፎት ተነስቷል።

«ልጅህ ካፖርት ታቅፋ ስታይህ ነበር መናገር የነበረብህ» አለችው ባየሽ። ወደ ሶሊያና ክፍል ገባ፤ ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ።

ሳምንት ሳይሞላ ዴብ ደወለች። «አስቀይሜሽ ከሆነ...»

«'ከሆነ' የሚባል ነገር የለም» አለቻት ባየሽ። «ደግሞ የተበደልኩት እኔ አይደለሁም። ልጅቷን መጥተሽ ይቅርታ ጠይቂ።»

ዴብ ቅዳሜ ሪችፊልድ መጣች፤ በር ላይ ቆማ ሶሊያናን ይቅርታ ጠየቀች። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «ኦኬ፣ አንቲ ዴብ» አለች፤ «ግን ከአሁን በኋላ የምሰለፈው ከትምህርት ቤቴ ጋር ነው።» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ብሬንዳን ሚስቱን አያት። ባየሽ ከደጇ ሰው መልሳ አታውቅም፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን እንኳ ሻይ ሳታጠጣ አትለቅም። ያን ቀን ግን በሩን እንደያዘች ቆመች። ግቢ አላለቻትም።