አሥራ አንዱ ፎቶዎች

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር የወጣሁ ነኝ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ዙሪክ፣ ዜባህ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ በምኖርበት ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት ክሎተን፣ የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ትሪ እደረድራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ኩርስ እማራለሁ። ድረ ገጽ መሥራት መጀመሬን የእድራችን ሊቀ መንበር ሰሙና አፎልተርን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ጠርተው፣ በየከተማው የተበተነው አባል የሚገናኝበት ገጽ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። ከትሪ ሌላ ለሆነ ነገር ሰው ከፈለገኝ ቆይቶ ነበር።

ሠራሁት። አባላት በይለፍ ቃል ይገባሉ፣ ማስታወቂያ ያነባሉ፣ ፎቶ ይሰቅላሉ፣ ከፎቶው ሥር አንድ ሁለት ቃል ይጽፋሉ። በላፕቶፔ ስሞክረው ምንም እንከን አልነበረውም፤ የሰቀልኩት ፎቶ ወዲያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ፣ ከእንግዲህ ፎቶ ያለው ሁሉ በገጹ ይላክ፣ እኛ ጋ ይቀመጣል አልኩ። ማንም እንዲህ በል አላለኝም።

ከአባሎቻችን አንዷ ጄኔቫ የምትኖር የወሎ ልጅ ነበረች። በአንድ ዲፕሎማት ቤት ልጆች ትይዛለች፣ የቤቱንም ሥራ ትሠራለች። እናቷ ኮምቦልቻ በጠና ሲታመሙ ልሂድ ብላ ጠየቀች። መዳሟ ምትክ ሰው እስኪገኝ ጠብቂ አለቻት። የመኖሪያ ፈቃዷ ከዚያ ቤት ሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥላ ብትወጣ መመለሻ የላትም። ምትክ ሳይገኝ እናቷ አረፉ።

ታናሽ ወንድሟ በመጨረሻው ሳምንት እናታቸውን ፎቶ አንሥቷቸው ነበር፤ ሠርግ ከሚያነሣ ጓደኛው በተዋሰው ካሜራ። እሷ ኢሜይል የላትም፤ የእድሩን ገጽ ግን በቤቱ ኮምፒውተር መክፈት ለምዳለች። ስለዚህ ወንድሟ በገጹ እንዲልክላት ተስማማን፤ እኔም በእሷ ይለፍ ቃል ገብቶ እንዴት እንደሚሰቅል በስልክ አስረዳሁት። ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ፣ መስመሩ እየተቋረጠበት፣ በሁለት ቀን አሥራ አንድ ፎቶ ሰቀለ፤ ከላፕቶፔ ውጭ በገጹ ፎቶ ሲሰቀል የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ ከጄኔቫ ደወለችልኝ። ገጹ ተከፍቶላታል፣ ወንድሟ የጻፈውም ይነበባል፤ በፎቶው ቦታ ግን ትናንሽ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ናቸው የሚታዩዋት። እኔም ብከፍተው ያው ባዶ ሳጥን ነው። ገጹ ወደሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ ገብቼ የፎቶዎቹን ፎልደር ተመለከትኩ። አሥራ አንዱም ፋይሎች ከነመጠናቸው ተደርድረዋል።

«አሉ፣ አልጠፉም» አልኳት። «ገጹ ነው የማያሳየው። አስተካክለዋለሁ።»

አላህ ይስጥህ አለችኝ፤ እጠብቃለሁም አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወንድሟ ደወለ። የካሜራው ባለቤት ሠርግ ስላለበት ካሜራውን፣ ፎቶዎቹ ካሉበት ካርድ ጋር፣ ይፈልገዋል።

«ጋሼ፣ ልመልስለት? ፎቶዎቹ ደርሰዋል አይደል?»

«ደርሰዋል» አልኩት። «መልስለት።»

የችግሩን ምክንያት ያስረዱኝ የኩርሱ አስተማሪ ናቸው። ሰው ገጽ ሲከፍት ብራውዘሩ፣ ማለትም ገጹን የሚያሳየው ፕሮግራም፣ መጀመሪያ ጽሑፉን ይቀበላል፤ በጽሑፉ ውስጥ የፎቶዎቹን አድራሻ ያገኝና እያንዳንዱን ለብቻው ተመልሶ ይጠይቃል። በላፕቶፔ ላይ ፎቶውን የሚያቀብለው የጻፍኩት ፕሮግራም ራሱ ነበር፤ ያ ግን ለሙከራ ብቻ የተሰጠ አገልግሎት ነው። ዋናው ሰርቨር ላይ ፎቶ የሚያቀብለው ሌላ ነው፤ እኔ ደግሞ ለዚያኛው ፎልደሩ የት እንዳለ አልነገርኩትም። ፎቶዎቹ እዚያው ተቀምጠው፣ የሚጠይቃቸው መጥቶ፣ የሚያቀብል ጠፍቶ ማለት ነው። አስተማሪዬ ቀላል ነው አሉኝ፤ ቀላልም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አስተካከልኩት። የተስተካከለውን ለማስገባት፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ የገጹን የድሮ ፎልደር በሙሉ ከሰርቨሩ ሰርዤ አዲሱን ከላፕቶፔ ጫንኩ። ገጹን ከፈትኩ። ባዶ ሳጥን። አድራሻውን መረመርኩ፤ ትክክል ነው። ሌላ ፎቶ ብሰቅል ወዲያው ታየ። ያኔ ገባኝ። ሰዎች የሚሰቅሉት ፎቶ የሚቀመጠው በዚያ በሰረዝኩት ፎልደር ውስጥ ነበር።

ዓርብ ዕለት ፋይሎቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አንዷን እንኳ ወደ ላፕቶፔ ብጎትት ኖሮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አልከፈትኳቸውምም፤ የሰው እናት ናቸው፣ መጀመሪያ ልጃቸው ትይ ብዬ። ሰርቨሩን ለሚያከራየው ድርጅት ጻፍኩ። እኔ በያዝኩት ዓይነት ውል ቅጂ እንደማይያዝ፣ በዚህም እንደሚያዝኑ በትሕትና መለሱልኝ። ኮምቦልቻ ደወልኩ። ወንድሟ ወደ ጓደኛው ሮጦ ሄደ፤ ካርዱ ተጠርጎ ሠርግ ተነሥቶበታል። እነዚያን ፎቶዎች ከእሱ በቀር ያየ ሰው የለም ማለት ነው።

በስልክ ልነግራት አልቻልኩም። በሚቀጥለው እሑድ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ባቡር ይዤ ጄኔቫ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ደረስኩ። ከጣቢያው ወጥተን በእግራችን ወደ ሐይቁ ወረድንና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከዙሪክ ድረስ የመጣሁት ፎቶዎቹን አሳትሜ ይዤላት መስሏት ነበር፤ ዓይኗ ቦርሳዬ ላይ ነው።

ነገርኳት። ስለ ፎልደሩ፣ ስለ ሰርቨሩ ማስረዳት ስጀምር የራሴ ድምፅ አስጠላኝና አቆምኩ።

«አንዷም የለችም?» አለች።

«አንዷም።»

ዓይኗን ከቦርሳዬ አነሣች። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከፎቶዎቹ ሥር የተጻፈው ሌላ ቦታ ይቀመጥ ስለነበር አልጠፋም። እሱን በወረቀት አትሜ ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት እኔም አላውቅም። ሰጠኋት። በጣቷ እየተከተለች ድምፅ ሳታወጣ አነበበች። እማዬ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ። እማዬ ሻርፔን አስተካክሉልኝ ስትል። እማዬ ሾርባ አልፈልግም ብላ። እማዬ ስምሽን እየጠራች። እዚያ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ሻርፑ የትኛው ይሆን?» አለች ቆይታ። «አረንጓዴው እኔ የላክሁት ነው።»

ስልኳን አወጣችና ወንድሟ ጋ ደወለች። ሲነጋገሩ ፊቷ ላይ ተስፋ መጥቶ ሲሄድ አየሁት። እሱም አላስታወሰውም። ነጭ መሰለኝ አለ፣ መልሶ ደግሞ እንጃ አለ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ እንድትሰጠኝ ጠየቃት።

«ጋሼ፣ አይዘኑ» አለኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ካርዱን መመለስ አልነበረብኝም።»

መልስ ያልኩህ እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ደግመን ብንሞክር አልገባ አለን። የእሷም ዕረፍት ልጆቹ ከመዋኛ እስኪመለሱ ብቻ ነበርና ሰዓቱ ደረሰ። ወረቀቱን በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ እዚህ ድረስ መጥተህ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ አለችኝ። ትራም ውስጥ ስትገባ ቆሜ አየኋት።

ከዚያ ወዲህ የሚሰቀለው ሁሉ ሁለት ቦታ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ሰዎች ሠርጋቸውን፣ የልጆቻቸውን ልደት ይሰቅላሉ፤ ሁሉም ይታያል። አሥራ አንዱን ባዶ ሳጥኖች ላነሣቸው ወይ ብዬ በስልክ ጠየቅኋት። ተዋቸው፣ የወንድሜ ጽሑፍ አለበት አለችኝ።

ሰርቨር የተጠየቀውን ሁሉ ይመዘግባል። ዓርብ ዓርብ መዝገቡን ስከፍት ከጄኔቫ የገባውን አየዋለሁ። እሷ የምታነበው ጽሑፉን ነው፤ ብራውዘሯ ግን ይህን ስለማያውቅ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም አሥራ አንድ ጊዜ የለም ብሎ ይመልስለታል። በኮምፒውተር ሥራ ተቀጥሬ ትሪውን ከተውኩ በኋላም ይህ አልቀረም። አንድ ቀን መዝገቡን መክፈት ተውኩ።